ቲታንየምና ቅይጡ፤ ስለ ብረት ሥራ ቃላት ታሪክ አንድ አስተያየት

ስለ ቲታንየም ቅይጦች የተጻፈን ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ሦስት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። ስሙን «ቲታንየም» ይበለው ወይስ «ታይታኒየም»? ዘሩን «ብረት» ብሎ ሊጠራው ይገባዋልን? ከሌሎች ጋር በእሳት መቀላቀሉንስ «ድብልቅ»፣ «ውሑድ» ወይስ «ቅይጥ» ብሎ ይሰይመው? ነገሩ የአጻጻፍ ጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቲታንየም ከኦክስጅን ጋር የሚሠራው ውሑድ ለቀለም የሚሆን ነጭ ዱቄት ሲሆን፣ ቅይጡ ግን የአውሮፕላን አካል ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ አንባቢውን ያሳስታል።

መልሱን ለመፈለግ ከባለእጁ ምድጃ መነሣት ይጠቅማል። ከቦንጋ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በዋጫና በአካባቢዋ ያለው አፈር፣ እንደ ከፋ ደጋ ሁሉ፣ ቀይ ነው። መቅላቱ ከብረት ኦክሳይድ የመጣ ነው። የባዛልት ድንጋይ በዝናብ ብዛት ሲፈርስ በቀላሉ የሚሟሙት ንጥረ ነገሮች ታጥበው ይሄዳሉ፤ ብረት፣ አሉሚንየምና ቲታንየም ግን በአፈሩ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ቲታንየም ለከፋ ገበሬ ከእግሩ በታች ያለ፣ ነገር ግን ስም ያላወጣለት ነገር ነበር።

ስም ያጣበት ምክንያት ከጠባዩ የተነሣ ነው። በከፋ ንጉሣዊ ግዛት ዘመን ጦሩንና ቢላዋውን የሚቀጠቅጡት ቀሞ የሚባሉት ባለእጆች ነበሩ፤ ከከፋ በስተደቡብ በኦሞ አካባቢ ያሉት ዲሜዎችም ብረትን ከአፈሩ በማቅለጥ የታወቁ ነበሩ። በእንዲህ ያለው ምድጃ የከሰል እሳትና የወናፍ ትንፋሽ ኦክስጅንን ከብረት ይነጥላሉ፤ ከቲታንየም ግን ሊነጥሉት አይችሉም። ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ የነበረው ቲታንየም ከዝቃጩ ጋር ይጣል ነበር። የጥንት ብረት ሥራ ተመራማሪዎች ዛሬ ዝቃጭን ሲመረምሩ ከሚመዝኑት አንዱ ይኸው የተጣለው ቲታንየም ነው።

በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛቱ ዘጠነኛ የሆነው ይህ ንጥረ ነገር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1791 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ነው፤ ያገኘው ዊልያም ግሬጎር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1795 ጀርመናዊው ክላፕሮት በግሪክ አፈ ታሪክ በታወቁት በቲታኖች ስም ሰየመው። ንጹሑን ለማግኘት ግን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ማቲው ሃንተር በሶዲየም አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1910 አገኘው። ቀጥሎም ዊልያም ክሮል በማግኒዚየም የሚሠራውን ዘዴ አወጣ። በዚህ ዘዴ ማዕድኑ በመጀመሪያ ወደ ክሎራይድ ይለወጣል፤ ከዚያም አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ማግኒዚየም ክሎሩን ሲወስድ ሰፍነግ የመሰለ ቲታንየም ይቀራል። ሰፍነጉ ተጨምቆ በ1668 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጠውም አየር በሌለበት ምድጃ ነው፤ የጋለ ቲታንየም ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስለሚመጥ ይሰባበራልና።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ብረት» የሚለው ቃል ራሱ ከቦታው የተንቀሳቀሰ ነው። በግዕዝ ብረቱ «ኀጺን» ሲሆን፣ «ብርት» ግን መዳብንና የመዳብ ቅይጦችን የሚያመለክት ነበር፤ ትግርኛ ዛሬም «ሓጺን» ይላል። አማርኛ ቃሉን ለብረት ከሰጠው በኋላ ለጠቅላላው ዘር «ብረታ ብረት» አለ። ስለዚህ «ቲታንየም ከብረታ ብረት አንዱ ነው» ማለት ትክክል ሲሆን፣ «የቲታንየም ብረት» ማለት ግን ሁለት ንጥረ ነገሮችን ያደባልቃል።

«ንጥረ ነገር» የሚለውም ከምድጃ የወጣ ነው። ወርቅ የሚያነጥረው አንጥረኛና ቅቤ የምታነጥረው ሴት የሚጋሩት ግሥ የኬሚስትሪ መሠረታዊ ቃል ሆኗል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ያደረሳቸው ንቀት ሰፍኖ በነበረበት አገር፣ ሳይንሱ ከተናቀው ሰው አፍ ቃል መዋሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

«ቅይጥ»ም በዕለት ንግግር የንጽሕና ተቃራኒ ሆኖ ሲሰማ ኖሯል። ነገር ግን በ1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» የመንግሥት ፖሊሲ ስም ሲሆን ቃሉ ያለ ነቀፋ ሊያገለግል እንደሚችል ታይቷል። የቲታንየም ታሪክ ደግሞ ይህንን ያጠናክራል። ንጹሑ እንደየደረጃው ከ240 እስከ 550 ሜጋፓስካል የሚደርስ የመሳብ ኃይል ሲቋቋም፣ 6 በመቶ አሉሚንየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተቀየጠበት 900 ያህል ይቋቋማል። ንጹሕ ቲታንየም በ882 ዲግሪ የአቶሞቹን አሰላለፍ ይለውጣል፤ አሉሚንየም ይህን መጠን ከፍ፣ ቫናዲየም ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሁለቱ አሰላለፎች በአንድ ቁራጭ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። እንግዶቹ አቶሞች በቲታንየሙ መካከል ገብተው ይሰፍራሉ እንጂ፣ እንደ ውሑድ መጠኑ የተወሰነ አዲስ ነገር አይፈጥሩም፤ እንደ ድብልቅም በእጅ አይለዩም። ይህን ጠባይ ከሦስቱ ቃላት የሚሸከመው «ቅይጥ» ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 ከአካሉ ክብደት 15 በመቶ ያህሉ ቲታንየም ነው። አሉሚንየም ከካርቦን ጭረት አካል ጋር ሲነካካ ይበላል፤ ቲታንየም ግን ይችለዋል። ሐኪሞችም ሰውነት ስለሚቀበለው ለተሰበረ አጥንት ማሠሪያ ያውሉታል። ጠጋኙም ሐኪሙም አንድ ቀን መመሪያቸውን በአማርኛ ሊያነቡ ይገባል።

ስለዚህ የንጥረ ነገሩ ስም ከላቲኑ ድምፅ ጋር የሚቀራረበው «ቲታንየም» እንዲሆን፣ ሥራው ግን በባለእጁ ግሦች፣ ማለትም በማንጠር፣ በማቅለጥ፣ በመቀየጥና በመቀጥቀጥ፣ እንዲገለጽ እናሳስባለን። እነዚህን ግሦች የሚያውቁ ባለእጆች በከፋም በሌላውም አገር እያረጁ ናቸው። ቃል ሰብሳቢዎች የየቋንቋውን አቻ ከነሱ ቀርበው ቢመዘግቡ፣ ለሚመጣው የሙያ መዝገበ ቃላት የማይተካ ስንቅ ይሆናል።