ሁለት ነቀርሳ በአንድ ሰው ላይ

ከትክል ድንጋይ ተነሥቶ ለሕክምና ጎንደር በደረሰ ሕመምተኛ አካል ላይ በአንድ ጊዜ ሁለት የነቀርሳ ዕጢዎች ቢገኙ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚመረምረው ሁለተኛው ከፊተኛው ተሰራጭቶ የመጣ ነው ወይስ ራሱን ችሎ የበቀለ የሚለውን ነው። የተሰራጨ ከሆነ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ብቻ ከሚድንበት ደረጃ አልፏል። ሁለቱም በየራሳቸው የበቀሉ ከሆኑና በጊዜ ከተደረሰባቸው ግን፣ ሁለቱንም አውጥቶ ሕመምተኛውን ማዳን ይቻል ይሆናል።

ለዚህ ጥያቄ መመዘኛ ካወጡት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ቪየና ላይ በነቀርሳ የተያዘ የጨጓራ ክፍል ቆርጦ በማውጣት ስሙ የታወቀው ቴዎዶር ቢልሮት ነው። እርሱ ዕጢዎቹ በተለያየ ቦታ የበቀሉና በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መልካቸው የተለያየ እንዲሆን፣ ከዚህም በላይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስርጭት ያስከተሉ እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። ይህ የመጨረሻው ግዴታ እጅግ የጠበቀ ነበር፤ ስርጭቱ እስኪታይ የቆየ ሕመምተኛ የመዳን ዕድሉ ያመልጠዋልና። እ.ኤ.አ. በ1932 አሜሪካውያኑ ሺልድስ ዋረንና ኦሊቭ ጌትስ ግዴታውን አስቀሩት። በእነርሱ አስተያየት እያንዳንዱ ዕጢ በእርግጥ ነቀርሳ መሆኑ፣ ሁለቱ የተለያዩ መሆናቸውና አንዱ የሌላው ስርጭት አለመሆኑ ከተረጋገጠ ይበቃል።

ይህ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀዶ ጥገና ማውጣት ሕመምተኛውን ከሁለተኛ ማደንዘዣ ያድነዋል፤ ነገር ግን ሥራው ይረዝማል፣ የሚፈሰውም ደም ይበዛል። አቅሙ የደከመ እንደሆነ ይበልጥ የሚያሰጋው ይቀደማል፤ አንጀት የዘጋ ዕጢ ቀጠሮ አይሰጥምና።

እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ዋና ዓላማ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር። የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። የጨረር ሕክምናም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እስከ ተጀመረበት እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ፣ በአገር ውስጥ የነቀርሳ ሕመምተኛ ዋነኛ ተስፋ ቀዶ ጥገና ነበር።

ቀዶ ጥገናውም ቢሆን ያለ ናሙና ምርመራ መንገዱን አያገኝም። የገጠሩ ጤና ባለሙያ ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ አንድ ዕባጭ ይዞ የመጣውን ሰው መላ አካሉን መርምሮ ሁለተኛውንም በመላኪያው ደብዳቤ ላይ መጻፍ። ሳይመረመር «ተሰራጭቷል» ተብሎ ወደ ቤቱ የተሸኘ ሰው፣ ምናልባት ሊድን የሚችል ሰው ነበር።