ቆጣሪው የማይናገረው

በ1970 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ፣ ሦስት መጽሔቶች ሳይቀበሉት የቀሩትን ጽሑፉን አሳተመ። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ሻጭ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢ አያውቅም። ገዢ ስጋቱን ከዋጋው ላይ ሲቀንስ የደህና መኪና ባለቤት ከገበያው ይወጣል፤ ብልሹው ይበዛል። ጽሑፉ በ2001 ለኖቤል ሽልማት አበቃው።

የአሜሪካ ሕግ ክፍተቱን ለማጥበብ ሞክሯል። በ1972 የማይል ቆጣሪን ወደ ኋላ መመለስ በፌዴራል ሕግ ተከለከለ። ከ1985 ጀምሮም ነጋዴዎች ዋስትና መኖር አለመኖሩን በመኪናው መስኮት ላይ እንዲለጥፉ ተገደዱ።

በዚያው ዘመን ቢኤምደብልዩ ከኤም 1 የስፖርት መኪናው የተወረሰ ሞተር በባለአራት በር ሴዳን ውስጥ ገጥሞ ኤም 5ን አቀረበ። በሳምንቱ ቀናት ወደ ሥራ፣ ቅዳሜ ወደ እሽቅድምድም ሜዳ የሚወስድ አንድ መኪና ተገኘ። ለሁለተኛው ገዢ ግን አዲስ የተሰወረ መረጃ ተፈጠረ። ሜዳ ላይ የዋለ ቀን በቆጣሪው ላይ ከተራ ጉዞ አይለይም፤ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሞተሩን ግን እጅግ ያደክማል። ሕጉ የሚጠብቀው የርቀቱን ቁጥር እንጂ የአነዳዱን ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን መኪና የሚሻ ሰው ከመኪናው በፊት መረጃ ይገዛል፤ የተሟላ የጥገና ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ራሱ ለመረጠው መካኒክ ከፍሎ ያስፈትሻል። ፍተሻን የሚከለክል ሻጭ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ መልሱን ሰጥቷል።