በግልጽ የተጻፈ ምሥጢር

የቀድሞ ነገሥታትና መኳንንት በጽሑፍ ላይ የነበራቸው እምነት ልክ ነበረው። በደብዳቤያቸው ሁሉን ሳይዘረዝሩ ቀሪውን መልእክተኛው በቃሉ እንዲያስረዳ ማዘዛቸው የተለመደ ነበር፤ ደብዳቤው ቢያዝም ምሥጢሩ አብሮ አይያዝም። የራዲዮ መልእክት ግን እንዲህ ያለ ታማኝ አልነበረውም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ውጊያ አስቀድሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለእቴጌ መነን የላኩትን መልእክት ጣልያኖች ጠለፉት፤ ማርሻል ባዶሊዮም ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አሳተመው።

የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ይህንኑ በራሳቸው ኪሳራ ተምረዋል። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1961 የታየውና ብዙዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ኮምፒዩተር ለየተጠቃሚው የይለፍ ቃል ነበረው፤ ቃሎቹ ሁሉ ግን በአንድ መዝገብ እንዳሉ ተጽፈው ይቀመጡ ነበር። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላልበቃው መዝገቡ እንዲታተም በተበሳ ካርድ አዘዘ፤ ማሽኑም ታዛዥ ነበርና አተመለት። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሠራተኞች፣ አንዱ ይህንኑ መዝገብ፣ ሌላው የዕለቱን ማስታወቂያ በአንድ ሰዓት ሲያርሙ ጽሑፎቹ ተለዋወጡና የሁሉም ይለፍ ቃል በማስታወቂያው ፈንታ ለገባው ሁሉ ተነበበ። በዚህኛው ጉዳይ ሌባ እንኳ አልነበረም።

መላውን አስቀድሞ ያሰበው የካምብሪጁ ሮጀር ኒደም ነው። ቃሉ ራሱ አይቀመጥም፤ ወደ ኋላ በማይፈታ ስሌት ተለውጦ ውጤቱ ብቻ ይመዘገባል። ተጠቃሚው ቃሉን ባስገባ ቁጥር ስሌቱ ይደገምና ውጤቶቹ ይነጻጸራሉ። ስለዚህ ዘበኛው ምሥጢሩን ሳያውቅ ባለቤቱን ይለያል። ይህም ብቻውን አልበቃም። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ከመረመሯቸው 3,289 የይለፍ ቃሎች 86 ከመቶው እጅግ አጫጭር ወይም በመዝገበ ቃላትና በስም ዝርዝር የሚገኙ ነበሩ። ስለሆነም ስሌቱን ሆን ብለው አዘገዩት፤ በየቃሉም ላይ «ጨው» ያሉትን የዘፈቀደ ቁጥር ጨመሩበት፤ አንድ ዓይነት ቃል ያላቸው ሁለት ሰዎች በመዝገቡ ላይ እንዳይመሳሰሉ።

ይህ ሁሉ ታውቆ ሳለ፣ ከ30 ዓመት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ሮክዩ ከተባለው የአሜሪካ ድርጅት 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃሎች ተሰረቁ፤ ሁሉም በግልጽ የተጻፉ ነበሩ። ስንፍና እንጂ ድንቁርና ነው ለማለት ያስቸግራል።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ጉዳዩ ከከተማ ርቆ ላለውም ይደርሳል፤ የጨፋ ሮቢት ነጋዴ በአንድ ተራ ድርጅት ያስመዘገበውን ቃል ለባንክ ሒሳቡም ተጠቅሞበት ከሆነ፣ ሌባው የባንኩን በር መስበር አያስፈልገውም፤ የዚያን ድርጅት መዝገብ ማንበብ ይበቃዋል።