«የግንዛቤ እጥረት» የሚሏት ነገር

በየዓመቱ መስከረም ላይ ከማትጠፋ የሪፖርት ቋንቋ አንዷ «የወላጆች የግንዛቤ እጥረት» ናት። የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ከቀረ ወላጁ አልገባውም ማለት ነው፤ በቃ። እስቲ ይህችን አባባል ይዘን ሰቆጣና ዙሪያዋን፣ የዋግ ኽምራን ታሪክ እንያት።

ከወሩ እንጀምር። መስከረም ለከተማ ወላጅ የደብተርና የደንብ ልብስ ወር ነው። ለዋግ ገበሬ ግን እህሉ ገና ማሳ ላይ፣ ጎተራው ባዶ የሆነበት ወር ነው። አዝመራው የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቀው፣ ፍየሎቹን የሚያግደው ደግሞ ያው ለትምህርት የሚፈለገው ልጅ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉም ያለ ነገር አይደለም። እናት ልጇን መርቃ ስትልክ ደስታዋም ሐሳቧም እውነት ነው።

ይህ የተደበላለቀ ስሜት አዲስ አይደለም። ዋግ የቆየ የክርስትና አገር ነው፤ ከሰቆጣ ብዙም ሳይርቅ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ምስክር ነው። ዘመናዊ ትምህርት ሳይመጣ በፊት መማር ማለት የኔታ ዘንድ መሄድ ነበር። ፊደልና ዳዊት እቅርብ ይገኛል፤ ዜማና ቅኔ የፈለገ ግን አኩፋዳውን አንግቶ አገር ያቋርጣል። ልጁ ቆሎ ተማሪ ሆኖ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ ይማራል። ብዙው ሳይሰናበት ነበር የሚጠፋው፤ እናት እንዳትመልሰው። እሷም በደጇ ለቆመው የሰው ልጅ ቁራሽ ስትሰጥ፣ የራሷንም ልጅ አንዷ እናት ታበላልኝ ይሆናል እያለች ነው። ይህች ሴት ለትምህርት ክብር አልነበራትም የሚል ማን ነው?

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ስጋቱ መልኩን ለወጠ። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች የሆኑት፣ ልጆቹ ሃይማኖታቸውን ይለውጣሉ የሚለውን ፍርሃት ለማብረድ ጭምር ነው። የመኳንንቱ ሰፈር እንኳ እንዲህ ከፈራ፣ የገበሬው ማመንታት ምን ያስገርማል?

ለዋግ ሌላም ነገር ነበር፤ ቋንቋ። ኽምጣንጛ አፉን የፈታ ልጅ ትምህርት ቤት የሚጠብቀው አማርኛ ነበር። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቶ፣ አገሪቱን የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ከ15ቱ ውስጥ ግን ኽምጣንጛ አልነበረም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን የፈቀደው የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው፤ ኽምጣንጛ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። እስቲ አስቡት፤ ልጇ ክፍል ውስጥ የተማረውን ማታ ምድጃ ዳር ሲያነብ እናት ትረዳዋለች። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ለእሷ ግን ትምህርት ቤቱ ልጇን አርቆ ከመውሰድ ያቆመበት ቀን ነው።

እንዲህ በስንት ዘመን የተገነባው መተማመን በጦርነት ተመታ። የ2014 አዲስ ዓመት ሰቆጣን ያገኛት በህወሓት ኃይሎች እጅ ሆና ነው። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም ሰቆጣ ተጠልለው ከረሙ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የዋግ ወላጅ ድሮ ለትምህርት ልጁን ከፍሏል፤ ቀጥሎ የእረኛውን ጉልበት፣ የቤቱን ቋንቋ ከፍሏል። እያመነታም ቢሆን ከፍሏል። አሁን ግን ሊከፍል ተዘጋጅቶ በሩ ዝግ ሆኖ የሚያገኝ ወላጅ አለ። በሩ ክፍት ቢሆንም መንገዱን የሚፈራም አለ። ይህን በግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ አትፈቱትም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ ልጁን አስቀርቶ ፍየል ያስጠበቀ አባት ስናይ ለመፍረድ አንቸኩል። ሰውየው ትምህርት ምን እንደሆነ ያውቃል። ዋጋውንም ከእኛ በላይ ያውቃል፤ ከፋዩ እሱ ነውና።