የኬሪ ጌሊክ እግር ኳስ ቡድን አምበሎች

በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ የሚገኘውን የኬሪ አውራጃ ቡድን የመሩ ተጫዋቾች ናቸው። አምበሉን የመሰየም መብት ለረጅም ዘመን የአሠልጣኙ ሳይሆን የአውራጃውን ሻምፒዮና ያሸነፈው ክለብ ነበር። ዲክ ፊትዝጄራልድ ቡድኑን በ1913 እና በ1914 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ.) ለመላው አየርላንድ ሻምፒዮንነት አብቅቷል። በ1928 ለመላው አየርላንድ ሻምፒዮን መሰጠት የጀመረውን የሳም ማጓየር ዋንጫ በ1929 ያነሣው የመጀመሪያው የኬሪ አምበል ጆ ባሬት ነው። የሪፐብሊካኑ ወገን ደጋፊ የነበረው ባሬት በ1931 አምበልነቱን በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በተቃራኒው ጎራ መኮንን ለነበረው ለኮን ብሮስናን በፈቃዱ ለቀቀ፤ ኬሪም ዋንጫውን ወሰደ። ከኋለኞቹ አምበሎች ፖዲ ኦሼ (1985)፣ ሼመስ ሞይናሃን (2000) እና ጋቪን ዋይት (2025) ይጠቀሳሉ።