የአንቀጽ 17 ማሰሪያ አንቀጽ

ስለ ውጫሌ ውል ያልተማረ የለም። ትምህርት ቤት የነገሩን ታሪክ አጭር ነው፦ አማርኛው «ይችላሉ» ይላል፣ ጣልያንኛው «ይገባቸዋል» ይላል፣ በዚህ ተጣሉ፣ ዓድዋ ሆነ። ፈተና ላይም እንደዚሁ ጽፈን አልፈናል።

የጣልያንኛውን ቅጂ አውጥቶ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር መታዘቡ አይቀርም። «ይገባቸዋል» የሚል ቃል እዚያ ውስጥ የለም። ጣልያንኛ ግዴታን የሚናገርበት ግስ «ዶቬሬ» ነው። አንቀጽ 17 ውስጥ ይህ ግስ በየትኛውም ጊዜ ተረብቶ አልገባም። ታዲያ ግዴታው ከየት መጣ? ኢጣልያ የአውሮፓን መንግሥታት «ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት» ብላ ያሳመነችበት ኃይል የቱ ቃል ላይ ነበር?

መልሱ የግስ እርባታ ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ትንሽ ሰዋስው ይበዛበታልና ታገሱኝ፤ ጉዳዩ ሌላ በር የለውም።

የቅኔ ቤት ሰዎች ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋውን ግስ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። የውል ክፍልንም «አንቀጽ» እንላለን፣ ግስንም «አንቀጽ» እንላለን። ለእኛ ጉዳይ ይህ መገጣጠም በጣም ይመቻል፤ ምክንያቱም ጥያቄው የአንቀጽ 17 ማሰሪያ አንቀጽ ምን ነበር የሚል ነው።

ጣልያንኛ ግሱን በሰባት ስልት ያረባል። አራቱ ባለቤት ይዘው የሚረቡ ናቸው። አንደኛው «ኢንዲካቲቮ» ይባላል፤ የሆነውን፣ የሚሆነውን፣ ያለውን ነገር እንደ እውነት አድርጎ የሚናገር ነው። ለብቻው ስምንት ጊዜያት አሉት። ሁለተኛው «ኮንጁንቲቮ» ነው። የቅኔ ቤቱን ዘንድ አንቀጽ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የሚፈለገውን፣ የሚጠረጠረውን፣ ሌላ ግስ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖረውን ነገር ይይዛል፣ አራት ጊዜያትም አሉት። ሦስተኛው «ኮንዲዚዮናሌ» ነው፤ «ይህ ቢሆን ኖሮ ያ ይሆን ነበር» የምንልበት፣ እንዲሁም በትሕትና የምንጠይቅበት። አራተኛው ትእዛዝ ነው። የቀሩት ሦስቱ፣ ማለትም አርእስቱ፣ ቦዙና ከግስ የሚወጣው ቅጽል፣ በባለቤት አይረቡም።

ቋንቋውን ለሚማር ሰው ይህ የሚያደክም ሰንጠረዥ ነው። ዲፕሎማት ግን የሚከፈለው ከዚህ ሰንጠረዥ አንዷን ሳጥን በመምረጥ ነው።

ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 2 ቀን 1889። በኢጣልያ በኩል የፈረመው ሸዋ ውስጥ ለዓመታት የኖረው ካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ነበር። በጣልያንኛው አንቀጽ 17 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ባለቤት ሆነው ይገባሉ። ግሳቸው «ኮንሴንቴ» ነው፤ ኢንዲካቲቮ፣ የአሁን ጊዜ፣ ሦስተኛ መደብ። ትርጉሙ «ይስማማሉ» ማለት ነው። የሚስማሙት በምን? ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ ሁሉ በኢጣልያ መንግሥት ለመገልገል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። በውል ቋንቋ «ይስማማል» ማለት ወደፊት ይስማማ ይሆናል ማለት አይደለም። ፊርማው ሲያርፍ ስምምነቱ ተፈጽሟል። ቃሉ ራሱ ድርጊቱ ነው፤ ቄሱ «አጋብቻችኋለሁ» ሲሉ ጋብቻው እንደሚጸናው ማለት ነው። ስለዚህ አንቶኔሊ «ዶቬሬ» አላስፈለገውም። «ይገባቸዋል» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ውጭ ያለ ኃይል ንጉሡን እንዳስገደደ ይመስል ነበር። «ኮንሴንቴ» ሲል ግን ንጉሡ ራሳቸው ወደውና ፈቅደው ራሳቸውን ያሰሩ ሆነ። ከግዴታ ይልቅ የሚከፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ።

በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሌላ ግስ አለ፤ «አቬሴ»። ይህ የ«አቬሬ»፣ «መኖር» ወይም «መያዝ» የሚለው ግስ፣ ኮንጁንቲቮ ነው። «ሊኖራቸው የሚችለው ጉዳይ» እንደማለት። እንግዲህ አስተውሉ፤ ጣልያንኛው ጥርጣሬን ወይም ምርጫን የሚናገር አረባብ አለው፣ ደግሞም ተጠቅሞበታል። የተጠቀመበት ግን ንጉሡ የውጭ ጉዳይ ይኑራቸው አይኑራቸው በሚለው ላይ ነው። ጉዳይ ካላቸው በማን በኩል ይሂድ የሚለው ላይ ምርጫ የለም፤ እሱ በኢንዲካቲቮ ተዘግቷል።

አማርኛውስ? የአማርኛው ማሰሪያ «ይቻላቸዋል» ነው። በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል። ሰዎች የሚያተኩሩት «ቻለ» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ባለቤቱ ነው። «ይቻላል» ሲባል ንጉሡ የግሱ ባለቤት አይደሉም። የሚቻለው መላላኩ ነው፤ ንጉሡ የገቡት በ«ኣቸው» በኩል፣ ነገሩ የተመቻቸላቸው ሰው ሆነው ነው። በጣልያንኛው ንጉሡ አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ ይስማማሉ። በአማርኛው ምንም አያደርጉም፤ በር ተከፍቶላቸዋል፣ ሲያሻቸው ይገባሉ። ሁለቱ ጽሑፎች የተለያዩት በአንድ ቃል ትርጉም ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ማን ምን አደረገ በሚለውም ነው።

«የትርጉም ስሕተት ነው» የሚለው ነገር የማይዋጥልኝም ለዚህ ነው። ጣልያንኛ «ይቻላቸዋል»ን የሚልበት አላጣም። «ፑኦ» ቢል «ይችላል» ነው። «ፖትራ» ቢል «ወደፊት ይችላል» ነው። «ፖትሬቤ» ቢል «ሊችል ይችል ይሆናል» ነው። ሦስቱም የአንድ ግስ የ«ፖቴሬ» እርባታዎች ናቸው፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃቸዋል። አማርኛም በበኩሉ ማሰር ሲፈልግ አያጣም። ዛሬም ሕጋችን «ይቀጣል» ሲል ዳኛው ቢያሻው ይቀጣል ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን። ጸሐፊው «ይላላካሉ» ብሎ ቢዘጋው ኖሮ አማርኛውም እንደ ጣልያንኛው አሳሪ ይሆን ነበር። እንግዲህ ሁለቱም ወገን ትክክለኛው ቃል በእጁ ነበረ። የመረጡት ግን የተለያየ ነው።

ማን አውቆ አደረገው የሚለው ክርክር የምሁራን ሆኖ ቀጥሏል። ስዊድናዊው የታሪክ ጸሐፊ ስቬን ሩቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጽሑፍ ጣቱን አንቶኔሊ ላይ ቀሰረ። በዓመቱ ጣልያናዊው ካርሎ ጂሊዮ እዚያው መጽሔት ላይ ሞገተው። እኔ ወደ ሩቤንሰን አደላለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ከልዩነቱ የተጠቀመው ማን እንደሆነ እናውቃለን። የፍራንቼስኮ ክሪስፒ መንግሥት በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር አንቀጹን ለአውሮፓ ኃያላን አሳወቀ። ራስ መኮንን (ያን ጊዜ ደጃዝማች) ለዚሁ ውል ተጨማሪ ስምምነት የተፈራረሙት በዚያው ወር መጀመሪያ ነው።

አንድ ነገር ላክል። ያው ውል በአንቀጽ 19 የአማርኛውና የጣልያንኛው ቅጂ ፍጹም ይስማማሉ፣ ሁለቱም እኩል ይታመናሉ ይላል። እዚያ ያለው ግስ «ፋራኖ» ነው፤ የወደፊት ጊዜ ኢንዲካቲቮ። የጣልያንኛ የወደፊት ጊዜ አመጣጥ ደግሞ ይገርማል። ከላቲን ሲወርድ አርእስቱና «አለኝ» የሚለው ግስ ተጣብቀው የተፈጠረ ነው። «እዘምራለሁ» የሚለው መነሻው «መዘመር አለብኝ» እንደማለት ነው። ስለዚህ ውሎች «ይሆናል» ሲሉ ከሥሩ የተቀበረ «አለበት» አለ። የሚያሳዝነው፣ በዚህ የተከበረ አረባብ የተጻፈው አንቀጽ 19 ከውሉ ሁሉ ፈጽሞ እውነት ያልነበረው መሆኑ ነው።

ምኒልክ ነገሩን ያወቁት ስለ ዘውድ በዓላቸው ለአውሮፓ ነገሥታት ከጻፉ በኋላ ነው። ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ ወደ ኢጣልያ የሚጠቁም ሆነ። በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ሁለቱ ጽሑፎች እንደማይገጥሙ ጻፉ። አንቶኔሊ ተመልሶ መጣ፤ ከእቴጌ ጣይቱም ጋር ተፋጠጠ። ከዚያ የሆነውን ብዙ ሰው አያወራውም። በዚያው ዓመት አንቶኔሊ በአማርኛ የተጻፈ ስምምነት ፈረመ፤ አንቀጽ 17 ባለበት እንዲቆይ የተስማሙ መስሎት። በኋላ ሲያስተረጉመው ጽሑፉ አንቀጹ መሰረዙን የሚናገር ሆኖ አገኘው። በቁጣ ድርድሩን አቋርጦ ወጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ አማርኛው ሒሳቡን አወራረደ ማለት ነው። ይህን ሳነብ ፈገግ አላልኩም ብል እዋሻለሁ።

ምኒልክ በየካቲት 1885 ውሉን ማፍረሳቸውን አሳወቁ። በየካቲት 1888 ዓድዋ ሆነ። በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ፈጽሞ ሰረዘ፣ ኢጣልያም የኢትዮጵያን ነጻነት ያለ ምንም ገደብ ተቀበለች። ያ ውል የተጻፈው በአማርኛና በፈረንሳይኛ ነው። ጣልያንኛ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ለዚህ ታሪክ ተከታይ ሆኖ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። ልብ ወለድ ታሪክን የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ለጣልያኖች የአማርኛ ሰዋስው አሳተሙ። በ1911 ደግሞ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለአማርኛ ግስ ብቻ ሰጡ፤ ርእሱም «የአማርኛ ግስ» ነው፣ በጣልያንኛ። በኋላ በወረራው ዘመን የያዙት አቋም ብዙ ያስወቅሳቸዋል፣ ይገባልም። ግን ከውጫሌ 22 ዓመት በኋላ ጣልያኖችን ቁጭ አድርጎ «ይቻላል»ና «ይችላሉ» እንዴት እንደሚረቡ ያስተማረ ኢትዮጵያዊ መኖሩን ማወቅ ደስ ይላል።

ኢንዲካቲቮ ግን ተመልሶ መጣ። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1936 ምሽት ሙሶሊኒ ሮም ሰገነት ላይ ወጥቶ ኢጣልያ ግዛተ ዓፄ እንዳላት ሲያውጅ የተጠቀመበት ግስ «ኣ» ነው፤ «አላት»፣ የአሁን ጊዜ። በዚያች ምሽት ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ አስተዳደር ነበረ፤ ራስ እምሩ እጃቸውን የሰጡት በዚያ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ሸዋ ውስጥ አርበኞች ዱር ገብተው ነበር። ያልተያዘን አገር በ«አላት» መያዝ ከ«ኮንሴንቴ» ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ዛሬ የውል ሕግ ይህን ችግር ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. የ1969ኙ የቪየና ስምምነት በአንቀጽ 33 ውል በሁለት ቋንቋ ከጸደቀ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ቃላቱም አንድ ትርጉም እንዳላቸው ይገመታል ይላል፤ ካልተስማሙ ከውሉ ዓላማ ጋር የሚያስታርቃቸው ትርጉም ይፈለጋል። በአገር ውስጥ ደግሞ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ ተቀባይነት እንዳለው ደንግጓል። ጋዜጣው ላይ አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ይታተማል። በመንግሥት ስም የውጭ ስምምነት ተፈረመ የሚል ዜና ስሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ስንት ቢሊዮን ነው የሚል አይደለም። በስንት ቋንቋ ተጻፈ፣ ከተለያዩስ የትኛው ይገዛል፣ ማሰሪያ ግሱስ ምን ይላል የሚል ነው። መግለጫ ላይ ይህን የሚጠይቅ ጋዜጠኛ እስካሁን አልገጠመኝም።