በሽታን ማን ይሰይመዋል?



ስለ እኛ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ሪፖርቶችን የምታነቡ ሰዎች «ኢንፍለክስ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። «የስደተኞች ኢንፍለክስ» ይላሉ፤ ወደ ውስጥ መፍሰስ ማለት ነው። በአማርኛ ዜናም «የስደተኞች ጎርፍ» ሲባል እንሰማለን። ይህ ቃል ዘመዶች አሉት፤ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እነሱ ነው።

ሥሩ ላቲን ነው፤ «ፈሰሰ» ከሚለው ግሥ። ከዚያው ሥር «ኢንፍሉዌንስ» ወጣ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከከዋክብት ወደ ሰው የሚፈስ፣ ዕድሉንም ጠባዩንም የሚገዛ ኃይል አለ ተብሎ ይታመን ነበር። እኛስ «ኮከባቸው ገጠመ» እንል የለ? ኋላ ቃሉ ከሰማይ ወደ ምድር ወረደና ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ በሌላው ላይ ያለው ተሰሚነት ሆነ። ጣሊያኖች ደግሞ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጥል በሽታ ሲመጣ የከዋክብት ሥራ ነው ብለው «ኢንፍሉዌንዛ» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1743 በሽታው ከጣሊያን ወደ ሌላው አውሮፓ ሲዛመት እንግሊዞች ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። እንግዲህ ሥልጣን፣ በሽታና ስደተኛ በአንድ ግሥ ይጠራሉ ማለት ነው።

አማርኛችንም ከዚህ አያመልጥም። «ወረርሽኝ» የመጣው «ወረረ» ከሚለው ነው። ጦር ይወርራል፣ አንበጣ ይወርራል፣ በሽታም ይወርራል።

ቃሉ ብቻውን አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው በሽታው የሰው ስም ሲሰጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰውን ኢንፍሉዌንዛ «የስፔን ጉንፋን» አሉት። ከስፔን ስለተነሣ አይደለም። በጦርነት ላይ የነበሩት መንግሥታት ስለ በሽታው የሚጻፈውን ሳንሱር ያደርጉ ነበር፤ ስፔን ግን ገለልተኛ ስለነበረች ጋዜጦቿ እውነቱን ጻፉ። የተናገረው ተከሰሰ፤ የደበቀው ነጻ ወጣ።

ያው በሽታ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን መታ። በከተማዋ ብቻ አሥር ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ተርፈዋል። አባቶቻችን ታዲያ ምን ብለው ሰየሙት? «የኅዳር በሽታ»። ወሩን ጠሩ፤ ማንንም ሕዝብ አልጠሩም። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማዋ ትታጠናለች፤ የሚታጠነው ኅዳር ነው፣ ሰው አይደለም።

ከዚያም በፊት እንዲሁ ነበር። ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዘ በኋላ ከውጭ በመጡ ከብቶች «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ገባ፤ በሬ አለቀ፣ እርሻ ቆመ፣ ረኃቡ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. አገር ጨረሰ። በዚህኛው እንኳ ጣት የሚቀሰርበት ወራሪ ነበር። ሕዝቡ ግን «ክፉ ቀን» ብሎ አለፈው።

ይህን የምጽፈው ራሳችንን ለማመስገን ብቻ አይደለም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን የልጆቻችንን ሕመም በእነሱ ያሳበብነው እኛው ነን። የሚሠሩልንን ማረሻና ድስት ወስደን ስማቸውን አጎደፍን። በየትም አገር ቢሆን የበሽታው ስም የሚለጠፈው መልሶ መናገር በማይችለው ሰው ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ በሽታ በአገር፣ በሕዝብ ወይም በሰው ስም እንዳይጠራ መመሪያ አወጣ። በ2019 የመጣው በሽታ «ኮቪድ 19» የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። የእኛ ሰዎች ይህን ከመቶ ዓመት በፊት ያለ መመሪያ አድርገውታል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ እንግሊዝኛም ፈረንሳይኛም እየተማሩ ነው፤ ይማሩ። ግን «ጎርፍ» የሚለውን ሲያነቡ አስቁሟቸው። ጎርፍ ስም የለውም፣ እናት የለውም፣ የሚሄድበትንም አያውቅም። እኛ ግን ስምም፣ እናትም፣ የምንሄድበትም አለን። ስለ ራሳችን ስንጽፍ «ይህን ያህል ሰው መጣ» እንበል። ሰው የሚለው ቃል ይበቃል።